ቃሌን የፈጨ ማሽን

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

ደህና ቀን። ሥራ ሄድኩ፣ መጣሁ፣ ምስር በላሁ። መምህር ኃይለማርያም «በየቀኑ ትንሽ ጻፉ፣ አለዚያ እጃችሁ ይዝጋል» ብለውናል። የእኔ እጅ አይዝግም። የማታ ትምህርቱን ከጨረስነው ሁሉ ፊደል ቶሎ የለየሁ እኔ ነኝ። ሌሎቹ ሌላ ይሉ ይሆናል… ይጻፉታ እነሱም!

ዛሬ ወደ ልብስ ማጠቢያ ፋብሪካችን የሆስፒታል አንሶላ እንደ ጉድ መጣ። ከማሽኑ ወዲህ እኔ፣ ከማሽኑ ወዲያ ሲምቦ። እኔ እርጥቡን አስገባለሁ፣ እሷ ተተኩሶ የወጣውን ታጥፋለች። ድራየሮቹ፣ ማድረቂያዎቹ፣ ሲያጓሩ ሰው የራሱን ሐሳብ እንኳ አይሰማም። እኔ ግን በእነሱ ላይ ግጥም እጮሃለሁ። ድሮም እጮህ ነበር፣ መጻፍ ሳልችል በፊት።

የሲምቦ ልጅ ኤዶሳ ያገኘኝ በዚህ ጩኸት ነው። ሁለት ዓመት ሊሆን ነው፣ ሳመሩን፣ ትምህርት ሲዘጋ፣ እዚያው ሊሠራ መጥቶ። ጋሪ እየገፋ ስልኩን አውጥቶ የማሽኑን ድምፅ ይቀዳል። ዕብድ መሰለኝ። ለካ ሙዚቃ ነው! የብረት ግጭት፣ የሞተር ጉርምርምታ፣ ከኮምፒውተር የሚወጣ ድብደባ… «ኢንደስትሪያል» ይባላል አለኝ። የፋብሪካ ሙዚቃ ማለት ነው። «አንቲ፣ የአንቺ ቮይስ ከማሽኑ ይበልጣል» አለኝ፤ አንቲ አክስቴ ማለቱ ነው። ልጁ ጆሮ አለው አልኩ።

ይኸው ባንድ ሆንን። ሁለት ሰው። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ጆሮ ደግፍ። ጆሮ ሥር የሚያሳብጥ በሽታ ነው፣ ሙዚቃችንም እንደዚያው።

ቅዳሜ አልበሙ ተጠናቆ ይሰማል። የመጀመሪያችን። ስምንት ዘፈን፣ ግጥሙ በሙሉ የእኔ። እንደ ድሮው አፌ ላይ የመጣውን አይደለም፣ በእጄ የጻፍኩት! እኔ ባየሽ!

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ከሥራ በኋላ ፊሊፕስ ሰፈር ሄጄ መምህርን አገኘኋቸው። ግጥሞቼን አዩልኝ። ቀይ እስክሪብቶ ይዘው ነበር፣ ብዙም አላደሙኝም። የድራየሩ ላይ ሲደርሱ ጮክ ብለው አነበቡት።

ድራየሩ ቢያጓራ እንደ ክረምት ወንዝ፣
እኔ ነኝ ባየሽ ነኝ ማሽን የማዝዝ።

«አንቺማ ጦር ሜዳ ነው የምትውይው» አሉ። ከዚያ የሚቀጥለውን አዩ። መነጽራቸውን አወለቁ።

አርባ ዓመት በጣቴ ስፈርም በቀለም፣
ዛሬ ስሜን ጻፍኩት የሚያጠፋው የለም።

«ይኼን ራስሽ ነሽ?»

«ኧረ ጎረቤቴ ነች!» አልኳቸው።

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ… ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ተናድጄ ነው የምጽፈው። መስመሩ ጠመመ። ይጥመም!

ኩን ራፒድስ ድረስ ድራይቭ አድርጌ ሄድኩ፣ ሲምቦ ቤት። አዲሱን ሻርፕ አድርጌ፣ ተቀብቼ። ቤዝመንት፣ ምድር ቤቱ፣ ወረድን። ሽቦ በየቦታው፣ ሁለት ትልልቅ ስፒከር፣ ልጁ መሀል ላይ እንደ ሸረሪት።

«ሬዲ ነሽ አንቲ?»

«ከተወለድኩ ጀምሮ ሬዲ ነኝ» አልኩት።

ከፈተው። መጀመሪያ ማሽኑ መጣ። የእኛው ማሽን! ዱም… ዱም… ቋ! አንሶላው ሲገባ የሚያሰማትን ያቺን ትንፋሽ ሳይቀር ይዟታል። ጠጉሬ ቆመ። እንዴት ያምራል! አሁን እኔ ስገባበት ቤቱ ይፈርሳል አልኩ በሆዴ።

ገባሁ። እኔ ነኝ? ድመት ቆርቆሮ ላይ በጅራቷ ስትጎተት ነው እንጂ! ክርርርር… አንድ ቃል የለም። መጀመሪያው ላይ ነው፣ ኋላ ይጠራል ብዬ ጠበቅሁ። ሁለተኛው ዘፈን፣ ያው። ሦስተኛው፣ ያው።

«ቃሉ የት አለ?»

«የቱ ቃል?»

«የእኔ ቃል ነዋ! ግጥሙ!»

«እሱ እኮ ነው አንቲ። ቮይሱን ዲስቶርት አደረግሁት። ከማሽኑ ጋር አንድ እንዲሆን።»

«እኔ ከማሽን ጋር አንድ ልሆን ነው የጮህኩት? ስበልጠው አይደለም ወይ ያገኘኸኝ?»

«አንቲ… በዚህ ሙዚቃ ቮይስ ኢንስትሩመንት ነው። ሊሪክስ ማንም አይሰማም።»

ግጥም ማንም አይሰማም! እንዲህ ብሎ ፈገግ አለ ደግሞ። ሊያጽናናኝ።

«የጣቴን ክፈት» አልኩት። አልገባውም። «አምስተኛውን!» ከፈተ። ክርርርር… ጓጓጓ… ለም። ለም! ከዚያ ሁሉ ቃል «ለም» ብቻ ተርፋ ወጣች። የሚያጠፋው የለም ብዬ የጻፍኩትን እዚያው ላይ አጠፋው።

«ያጠፋውስ ተገኘ!» ብዬ ተነሣሁ። ደረጃው ላይ ሲምቦ ሻይ ይዛ ስትወርድ ተላለፍን።

«ምነው ባዩ?» አለች፣ እንደ ወትሮዋ አቆላምጣ።

«ልጅሽን ጠይቂው!»

ሻርፔን እዚያ ረሳሁ። አልመለስም። እሱ ይልበሰው!

እሑድ፣ ጥቅምት 10

ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ስለ ይቅርታ ተሰበከ። ሆን ብለው ነው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ዛሬ በሥራ ላይ አልጮህኩም። ማሽኑ ብቻውን ጮኸ። ፎቁ ላይ ያለው አለቃ ሳይቀር ወርዶ «አሞሻል?» አለኝ። በእንግሊዝኛ ነው። «ጉሮሮዬን ተሰርቄ ነው» ልለው ፈለግሁ፣ እንግሊዝኛዬ እዚያ አይደርስም። ሲምቦ ከማዶ አየችኝ። አንሶላውን ከወትሮው አፍጥኜ ለቀቅሁባት። ትጠፍ!

ምሳ ላይ ልጁ ደወለ።

«አንቲ፣ ካሴቱን የሚያሳትሙት ሰዎች እየጠበቁ ነው። እስከ ኖቬምበር አጋማሽ ካልላክሁ…»

አልበሙ በካሴት ነው የሚወጣው። ይኼ ሙዚቃ እንደዚያ ነው አሉ። ካሴት ሲለኝ መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ፎቶዬ ሽፋኑ ላይ ታይቶኝ።

«ድምፄን አውጣና ላክ» አልኩት።

«ድምፅሽ ከወጣ ምን ይቀራል?»

«ሁለት ማሽን። አንደኛው አንተ!»

ዘጋሁበት። ትንሽ ቆይቼ ደወልኩለት።

«ደግሞ የሽፋኑ ሥዕል አስቀያሚ ነው!»

እንደገና ዘጋሁበት።

ዝገት የበላው በርሜል ነው የለጠፈበት። ዘፋኟ እያለሁ በርሜል! እኔ መልክ አጣሁ?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

መጣ። ኤዶሳ ነው፣ ፍሮግታውን እቤቴ ድረስ። ሻርፔን በፌስታል ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ልመልሰው ነበር… ብርድ ነው።

«ምሳ በልተሃል?»

ተናድጄም ይኼን ከመጠየቅ አልዳንኩም። አልበላሁም አለ፣ ይባስ! አቀረብኩለት። እየበላ ነው የተጣላነው።

ስለ ሳውንድ አስረዳኝ። ስለ ቴክስቸር። እጁን እያወናጨፈ፣ ሽሮውን ጠረጴዛዬ ላይ እያንጠባጠበ። ሲቸኩል «አንተ» ይለኛል፣ አማርኛው እዚያ ላይ ይሰበራል። እስኪጨርስ አዳመጥኩት። እኔ ሰው ሳላቋርጥ ሳዳምጥ መፍራት ነበረበት።

«እሺ። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሦስተኛው ዘፈን ምን ይላል?»

መጉረሱን አቆመ።

«ይላል… ስለ ድራየር ነው።»

«ስለ ድራየር ምን?»

«ድራየር ይጮሃል። አንቺ ደግሞ… አንግሪ ነሽ።»

«አሁን ነኝ አንግሪ! አምስተኛውስ?»

«ቀለም የሚል አለው። ከለር ነው አይደል? ስለ ከለር ነው።»

ስለ ከለር!

ሁለት ዓመት! እኔ ማይክ ፊት ቆሜ ላብ ሲያጠምቀኝ፣ እሱ ጆሮ ማዳመጫውን አድርጎ ራሱን እየነቀነቀ፣ «ፋየር ነው አንቲ! ፋየር!» እሳቱ የቱ ጋ እንደሚነድ ሳያውቅ። እኔስ? ቃሉን የወደደልኝ መስሎኝ አዲስ ስጽፍ አደርኩለት። ለማን ነበር ስጽፍ የነበረው? ለስፒከር?

«ለምን አልጠየቅከኝም?»

«አፈርኩ።»

«ለሁለት ዓመት?»

«መጀመሪያ አፈርኩ። ከዛ ደግሞ ቆየ… ከቆየ በኋላ እንዴት ልጠይቅ? ቤት ኦሮምኛ ነው፣ ስኩል ኢንግሊሽ። አማርኛ የምሰማው ካንቺ ነው አንቲ። ግን ስትጮሂ ይገባኛል። ቃሉ አይደለም… እዚህ።» ደረቱን ነካ።

«ደረትህ አማርኛ ተማረ? የማታ ነው የቀን?»

ሊስቅ አለና ፊቴን አይቶ ተወው።

የተረፈውን ሽሮ በዕቃ ሞልቼ ሰጥቼ አባረርኩት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

እረፍት ላይ ሲምቦን ያዝኳት። «ልጅሽ ግጥሜን ሳይገባው ነው የሚፈጨው!» አልኳት። ቢያንስ «ውይ!» ትላለች ብዬ ነበር። ሳንድዊቿን አስቀመጠች።

«ባዩ፣ እኔና አንቺ ስንተዋወቅ ቆየን አይደል?»

«ቆየን እንጂ።»

«እስቲ በኦሮምኛ አንድ ነገር በይኝ።»

ይኼ ከምን መጣ? «አከም ቡልቴ» አልኳት። ጠበቀች። «ገለቶሚ።» ጠበቀች። «ኮቱ ኛዹ…»

«እንደምን አደርሽ፣ አመሰግናለሁ፣ ነይ ብዪ። ከዚያስ?»

ከዚያማ… ከዚያ ምን አለ? ስድብ አንድ አውቃለሁ፣ እሱንም ከእሷው ሰምቼ ነው፣ ለአለቃው ስትለው።

«እናቴ የሞተች ጊዜ እቤቴ ውለሽ ነበር» አለች። «ስልኩን ይዤ ከእህቴ ጋር ስንጮህ እጄን ይዘሽኝ ነበር። ምን እያልኩ እንደነበር ታውቂያለሽ?»

«ሐዘን ነዋ!»

«ሐዘኑንማ የጎረቤት ፈረንጅም አወቀ። ቃሉን ነው የምልሽ።»

ደወል ተደወለ። ሳንድዊቿን ሳትነካው ይዛ ተነሣች።

«እኔ በአንቺ ቋንቋ ስቄ፣ በአንቺ ቋንቋ አኩርፌ ነው የኖርኩት። ቅር ብሎኝ አያውቅም። ልጄን ግን አልገባውም ብለሽ አትስደቢብኝ!»

እርጥብ አንሶላዬ ጋ ተመለስኩ። እኔ! ከድራየር ጋር የምከራከረው ሴትዮ! ቀኑን ሙሉ መልስ ስፈልግ ዋልኩ፣ ማታ እቤት ከገባሁም በኋላ… የለም። የባሰ ተናደድኩ። ሰው ተናዶ እያለ እውነት ይነገረዋል?

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ትናንት የጎረቤቴ የቅድስት ሠርግ ነበር፣ ሴንት ፖል ከተማ። አኩርፌ ነው የሄድኩት። አኩርፌ በላሁ፣ አኩርፌ ጨፈርኩ።

ዲጄው ሲያርፍ ማሲንቆ የያዘ ሰው ተነሣ። በየጠረጴዛው እየዞረ ማወደስ ጀመረ። እኛ ጋ ሲደርስ አንድ ሞቅ ያለው ሰውዬ ብድግ ብሎ «ተቀበል!» አለው። አዝማሪው ጆሮውን ሰጠ። ሰውዬው ስንኙን በባዶው ተናገረ፣ አዝማሪው ያንኑ ቃል ከአፉ ተቀብሎ በማሲንቆው አዜመው። ስንኙ ደካማ ነበር፣ ስለ ሙሽራው ቁመት ነው። ግን አዳራሹ ሁለት ጊዜ ሰማው። አንዴ በሰው አፍ፣ አንዴ በገመድ።

ሹካዬን አስቀመጥኩ።

ከተወለድኩ ጀምሮ የማየውን ነገር አሁን አየሁት። ተቀባይ እኮ ቃሉን ሳይሰማ መቀበል አይችልም! አንዷን ቃል ቢስት ሰጪው እዚያው ያዋርደዋል። ማሲንቆው ከዚያ በኋላ የፈለገውን ያህል ይጩህ…

እኔም ዝም ብዬ አልቀረሁም እንግዲህ። ተነሣሁ። «ተቀበል!»

ሙሽሪት ስትገባ አዳራሹ በራ፣
መብራቱን አጥፉት፣ ይቅርብን ኪሳራ!

አዳራሹ አበደ። የሰውዬውን ስንኝ ማንም አላስታወሰውም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ከሥራ በቀጥታ ኩን ራፒድስ። ሳልደውል። ሲምቦ በሩን ከፈተችልኝ፣ «ግቢ» አለች፣ ሌላ አልጨመረችም። እኔም አልጨመርኩም። ቤዝመንት ወረድኩ።

«ማሽንህን ዝጋ። ማይኩን ክፈት።»

«አንቲ…»

«ተቀበል!»

«ምን ልቀበል?»

አስረዳሁት። የምለውን በአፍህ ትመልሰዋለህ፣ ሳታጎድል። «ኦ፣ ኮል ኤንድ ሪስፖንስ!» አለ። «ስም አታውጣለት! ተቀበል ነው!»

የጣቴን ሰጠሁት። መለሰ። «አርባ ዓመት በጣቴ ስፈርም…» አፉ ውስጥ ቃሉ እንደ ትኩስ ድንች ተንከባለለ። ሳቄ መጣ፣ ዋጥኩት፣ ተጣልተናል።

«ስፈርም ምንድነው?»

«ፊርማ። ሳይን ማድረግ።»

«በጣት?»

አውራ ጣቴን አወጣሁ። እንግዲህ ነገርኩት። ወረቀት ያለበት ቢሮ በገባሁ ቁጥር ሰው ሁሉ ሲጽፍ እኔን ጣትሽን አምጪ እንደሚሉኝ። ቀለሙ ላይ ነክረው፣ ጣቴን ራሳቸው ይዘው እንደ ማኅተም እንደሚጫኑት። ቀለሙ ቶሎ አይለቅም። እስኪለቅ እጄን ኪሴ ከትቼ ነው የምሄደው፣ ታክሲ ውስጥ እንኳ አላወጣውም። አርባ ዓመቱ ግነት ነው፣ ግጥም ስለሆነ። ቀልድ እየጨማመርኩበት ነው የነገርኩት። አልሳቀም።

«እና… የሚያጠፋው የለም ስትይ…» ቆመ። «ስሙን ነው?»

«ስሜን!»

«ኦ ኖ።»

«ኦ ኖ ነው እንጂ!»

«አንቲ፣ እኔ አጠፋሁት።»

«በገዛ አፍህ ተናዘዝክ፣ ጥሩ! አሁን ተቀበል!»

ከዚያ ሥራ ገባን። እኔ ቃሉን በንጹሑ እሰጣለሁ። እሱ በራሱ አፍ ይቀበላል። ማሽኑ የሚፈጨው የእሱን ነው፣ የእኔን አይነካም። «አንቲ፣ መጨረሻ ላይ ብቻ ያንቺንም ትንሽ…» አለ። «ንካውና ጣትህን አንሶላው ጋ ነው የማስገባው!» ደግሞ በሁለተኛው ዘፈን ተጣላን፣ በአራተኛውም። ግን ስንኙ ምን ይላል በሚለው ነበር የተጣላነው። ይኼ ሌላ ጠብ ነው። ደህና ጠብ።

ሲምቦ ለካ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ስትሰማ ነበር።

«እኔም ስንኝ አለኝ» አለች።

ሁለታችንም ዞርን።

«የእኔን ኤዶሳ አይቀበልም። የምትቀበለው ባየሽ ናት።»

ሐሙስ፣ ጥቅምት 28

ዛሬ የሲምቦን ቀዳን። ስምንተኛውን ዘፈኔን አውጥቼ የእሷን አስገባሁ። እኔው ነኝ ያልኩት፣ ማንም አላስገደደኝም። ይጻፍልኝ።

«ሐርኪ ኮ ሂን ደዸብኔ።» እጄ አልደከመም ማለት ነው። እናቷ ቡና ለቀማ ውላ ስትመጣ የምትለው ነበር። የሞተች ዕለት ሲምቦ በስልክ ስትደጋግመው የነበረው እሱን ነው… እኔ እጇን ይዤ።

አፌ እምቢ አለ። መሀል ላይ አንድ ድምፅ አለች፣ ምላስ ወደ ኋላ ታጥፎ የሚውጣት። እኔ ስላት ትተፋለች።

«አይደለም! ድጋሚ!»

«አልኩ እኮ!»

«እሱ ሌላ ነው ያልሽው። ድጋሚ!»

ሲምቦ ሥልጣን ስትይዝ እንዲህ ክፉ ናት? መምህር ኃይለማርያም ጻድቅ ናቸው። ኤዶሳ ኮምፒውተሩ ላይ ተደፍቶ በሳቅ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ላብ በላብ ሆንኩ። በመጨረሻ አንዴ ወጣልኝ፣ ወይም ሲምቦን ሰለቻት።

የተሳሳትኩትን ሁሉ አጥፋው አልኩት። «ኖ አንቲ፣ እሱ ነው ቤስቱ» አለ። ለዓለም ሊሸጠኝ ነው። «አታጥፋብኝ» ብዬ ስጮህ ከርሜ፣ አሁን አጥፋ ስለው እምቢ!

ዓርብ፣ ኅዳር 6

ተላከ። በርሜሉ ሽፋኑ ላይ እንዳለ ነው። በዚያ ተሸነፍኩ።

እሑድ፣ ኅዳር 22

ትናንት መድረክ ላይ ወጣን። ሴንት ፖል፣ ትንሽ አዳራሽ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ። ሰዉ ሁሉ ጥቁር ለብሷል፣ ከንፈሩን ጥቁር የቀባ ወንድ አለ። «ማን ሞተባቸው?» አልኩት ኤዶሳን። «ኖርማል ነው አንቲ።» እኔ ቢጫ ለብሼ ነው የወጣሁት። ይዩኛ!

ከማታ ትምህርት ፈነትና ማሚት መጥተዋል፣ ጆሯቸው ላይ ጥጥ ከትተው። ጥጡን ሳይ ደሜ ፈላ። ቃሌን ሊሰሙ ነው ወይስ ሊከላከሉ?

ማሽኑ ተነሣ። ወለሉ በእግሬ በኩል ወጣ። ከዚያ ኤዶሳ ሁሉንም ዘጋው፣ ጭጭ… እኔ ብቻዬን ቀረሁ። «ተቀበል!» አልኩ። የጣቴን ሰጠሁ። በንጹሑ፣ ቀስ ብዬ፣ ፊደል በፊደል። ኤዶሳ ማይኩ ላይ ጎንበስ ብሎ ተቀበለ። አንዲት ቃል አላጎደለም። ከዚያ ማሽኑ ድምፁን ይዞት ሄደ፣ ፈጨው፣ ቆረጠው፣ አዳራሹ ዘለለ። ጥቁር ለባሾቹ «ለም! ለም!» ይላሉ። ይበሉ፣ ሙሉውን አስቀድሜ ብየዋለሁ።

የሲምቦ ስንኝ ላይ ስንደርስ… ያቺ ድምፅ። ተፋኋት። ከፊት ቆመው የነበሩ የኦሮሞ ልጃገረዶች በአንድ አፍ አረሙኝ! እኔ በሰው ፊት፣ በቢጫ ልብስ! ደግሜ አልኩት። እንደገና አረሙኝ። በሦስተኛው እልልታውን አቀለጡት። ሲምቦ ግድግዳውን ተደግፋ በሳቅ ታለቅሳለች፣ ሳቁ የቱ ጋ እንዳለቀ አላየሁም።

ስወርድ ፈነት ጥጧን አወጣች።

«ቃልሽን ሰማሁ ባየሽ። ሌላው ራሴን አሳመመኝ።»

«ምን ሰማሽ? በይው እስቲ!»

አለችው። ሁለቱንም መስመር። ማሚት አውራ ጣቷን እያየች ነበር።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 1

በረዶ። መኪናዬን ቆፍሬ ነው ያወጣሁት። ሥራ፣ አንሶላ፣ ጩኸት።

ለሁለተኛው አልበም መጻፍ ጀምሬያለሁ፣ ማን ይጠብቃል? ኤዶሳ ከሥራ ሲመለስ በእኔ በኩል አለፈ። ምግብ አቀረብኩና አነበብኩለት።

በረዶው ቢከመር እስከ ቤቴ ጣራ፣
እኔ ባየሽ እያለሁ ክረምትን ማን ፈራ!

«ፋየር» እስኪል ጠበቅሁ። አኘከ። ዋጠ።

«ኦኬ ነው» አለ።

«ኦኬ?»

«የመጀመሪያው መስመር ጥሩ ነው። ሁለተኛው ደካማ ነው አንቲ።»

ለእኔ! ትናንት ቀለምን ከለር ሲል የነበረ!

«ምኑ ነው የደከመው?»

«ቃል ሲያጥርሽ ስምሽን ትጨምሪበታለሽ። የድራየሩም ላይ እንደዛ ነው፣ የአራተኛውም። በረዶው ላይ ምን እንደሆንሽ አልነገርሽኝም። ባየሽ ባየሽ ብቻ።»

አስወጣሁት። ጃኬቱን ሳይዘጋ፣ ዕቃም ሳልቋጥርለት። ደረጃው ላይ ሆኖ እንኳ «አይም ጀስት ሴይንግ!» ይላል፣ እንዲያው ማለቴ ነው እያለ። ሳይገባው በነበረ ጊዜ ሁሉም ነገር ፋየር ነበር! ሰላም ነበርኩ! ማን አስተምሪ አለኝ?

ወረቀቱን ቀድጄ ልጥለው ነበር። አየሁት። የድሮዎቹንም አወጣሁና አየሁ። ባየሽ እዚህ… ባየሽ እዚያ… በየቀዳዳው ባየሽ።

ሁለተኛውን መስመር ሰረዝኩ። ዛሬ ጠዋት ምን ነበር የሆንኩት? ጓንቴ ረጠበ። አካፋው በረዶ ይዞ አልነሣ አለኝ። ሰዓት ደረሰብኝ…

በረዶው ቢከመር እስከ ቤቴ ጣራ፣
ጣቴን እየነፋሁ ወጣሁ ወደ ሥራ።

ደወልኩለት። «ሰላም» አላልኩትም፣ በቀጥታ አነበብኩለት። መኪና ውስጥ ነው፣ የመስታወቱ መጥረጊያ ሲንቋቋ ይሰማኛል። ኦኬ ቢል እዘጋበታለሁ። ፋየር ቢል ደግሞ አላምነውም።

«አንቲ፣ አንዴ ድገሚልኝ» አለ።

እየተናደድኩ ደገምኩለት።